ከልጄ ሐውልት በፊት

ሐሙስ፣ የለቀማው ሁለተኛ ሳምንት

ዛሬ ኮንቬየሩ ቆመ።

በለቀማ ወቅት ቲማቲሙን ወደ እኛ የሚያመጣው ኮንቬየር አይቆምም። ሰው ቢታመም ሌላ ሰው ይተካዋል እንጂ ቲማቲሙ መምጣቱን አያቋርጥም። እኔ መለያው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ የበሰበሰውን ወደ ግራ፣ ጥሬውን ወደ ቀኝ እያደረግሁ ነበር። ድንገት ፊቴ ላይ ያሉት ቲማቲሞች ባሉበት ቀሩ። ቀና ስል ማሽኑን ያጠፋው ፎርማኑ ራሱ ነው። እጁ ከማጥፊያው ላይ አልተነሳም። ወደ እኔ ያያል፣ አይመጣም።

አጠገቤ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ ሳቂታዋ፣ "ምነው፣ መብራት ሄደ እንዴ?" አለች። መብራቱ በርቷል።

"እማማ፣ ጓንትዎን ያውልቁ" አለኝ ፎርማኑ።

ያን ጊዜ አወቅሁ። የትኛው ልጄ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሁለቱም እዚሁ የማኅበራችን ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። "የትኛው?" አልኩት። እንዲህ ብዬ መጠየቄን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

"ትልቋ" አለ።

ቅዳሜ

ቀበርናት። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ

መኪና ገጭቷት ነው። ከፋብሪካው በር ውጭ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ። ቲማቲም የጫኑት መኪኖች ግቢው አልበቃቸው ብሎ መንገድ ላይ ተሰልፈው ነበር። እሷ ከአንዱ ሾፌር ወደ ሌላው እየሄደች ምን ያህል ሰዓት እንደቆሙ ትጠይቃለች። ሥራዋ ነው። ከሰልፉ መሀል ስትወጣ በወዲያ በኩል የሚያልፈው መኪና አላያትም። እሷም አላየችውም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ለቅሶ መጡ። "እናታችን፣ እግዜር ያጥናዎት" አሉ ወለሉን እያዩ። ውኃ ሰጠኋቸው፣ ይዘውት ተቀመጡ፣ ሳይጠጡት ተነሡ። "ምን ዓይነት አዛኝ ሰው ነው!" አለ ሰው ሁሉ። እኔም እንዲያ ነው ያልኩት።

በር ላይ ሁለት የማሸጊያ ክፍል ልጆች ሲያወሩ ሰማሁ። "እንግዲህ ማነው 'ለምን' የሚለን?" አለች አንዷ። ሌላዋ ሳቀችና አፏን በእጇ ያዘች። ባትይዘው ደስ ይለኝ ነበር።

እሑድ

ዛሬ ሰው የለም፣ ቀስ ብዬ ልጻፍ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፣ እጄም ቀርፋፋ ነው። ግን እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?

ልጄን በፋብሪካው "ለምን" ነበር የሚሏት። ደመወዝ መክፈያው ላይ "የአሠራር ማሻሻያ ባለሙያ" ይላል፤ እንዲያ ብሎ የሚጠራት ግን አልነበረም። ተምራ ስትመጣ ቆብ አድርጋ በየክፍሉ እየዞረች ለምን፣ ለምን ትላለች። ጥሩምባ የምንለው ሾፌር፣ ከበሩ ሳይደርስ ክላክሱን የሚያስጮኸው፣ "ይቺ ልጅ ገና ሦስት ዓመቷ ነው እንዴ? የእኔም የልጅ ልጅ እንዲሁ ናት፤ እሷስ ከረሜላ ሲሰጧት ዝም ትላለች!" ብሎ ሰው አሳቀባት። እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ሰምቼ አንገቴን ደፋሁ።

የሆነውን ግን ልንገር። በፊት ቲማቲሙ ተጨፍልቆ ይመጣ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ከደረሰው ብዙውን ወደ ግራ ነበር የምጥለው። ሁላችንም የሾፌሮቹ ጥፋት ነው እንላለን፣ ሾፌሮቹ የጫኞቹ ነው ይላሉ። ልጄ የማንንም ጥፋት አልጠየቀችም። ለምን ይጨፈለቃል? ሳጥኑ ከአፉ በላይ ስለሚሞላ። ለምን ይሞላል? ማሳው ላይ ሳጥን ስለሚያንስ። ለምን ያንሳል? ባዶው ሳጥን ፋብሪካው ጓሮ ተከምሮ ስለሚቀር። ሾፌሩ ለምን አይመልሰውም? ለእሱ ብሎ ጓሮ ከዞረ እንደገና ሊሰለፍ ስለሆነ። ታዲያ ምን አደረገች? ባዶውን ሳጥን ከመውጫው በር አጠገብ አስደረደረችው። በቃ። ሾፌሩ ሲወጣ ጭኖ ይሄዳል። አዲስ ማሽን አልተገዛም፣ ማንም አልተቀጣም። ወደ ግራ የምጥለው ቀነሰ። ምስክሩ ይኸው እጄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጥሩምባ በር ሲደርስ "ለምን አለች?" ብሎ ሳይጠይቅ አይገባም ነበር። የሰደባት አፉ ከሁሉም በላይ አመሰገናት።

እናት ልጇን ብታወድስ ምን ይደንቃል ይባል ይሆናል። ይባላ።

ረቡዕ

ሥራ ገባሁ። ሳቂታዋ ጓንቴን አጥባ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም፣ ስላላለቀሰች አመሰግናታለሁ። ለቀማው ጦፏል። ከበሩ ውጭ ያለው ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። በዚያ በኩል አልሄድም፣ በጓሮ በር ነው የምገባው።

ዓርብ

እኔም እንደ እሷ ልሞክር ብዬ ነበር።

ለምን ሞተች? መኪና ስለገጫት። ለምን መንገድ ላይ ነበረች? መኪኖቹ መንገድ ላይ ስለተሰለፉ። ለምን መንገድ ላይ ይሰለፋሉ? ግቢው ውስጥ ያለው መራገፊያ ሜዳ ስለጠበበ። ለምን ጠበበ? እሷ ከመቀጠሯ በፊት ሊቀመንበሩ አዳራሽ ይቅደም ብለው ግማሹ ላይ የስብሰባ አዳራሽ ስለተሠራበት። ለምን አዳራሹ

ይብቃኝ። አዳራሹ መልካም አዳራሽ ነው።

ሰኞ

ዛሬ ሊቀመንበሩ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ኮሚቴው በሙሉ ተቀምጧል። ወንበር ስበው ራሳቸው አስቀመጡኝ። ጠረጴዛው ላይ ሥዕል ዘርግተዋል።

ልጄ ናት። ሐውልት። ከነቆቧ፣ ከነፈገግታዋ፣ እጇ ላይ ሳጥን ይዛ ቆማለች። ዙሪያዋን አበባ። በዋናው በር መግቢያ ላይ፣ የሚገባው ሁሉ የሚያያት።

"ለቀማው እንዳለቀ ግንበኞቹ መጀመሪያ የሚይዙት ሥራ ይኼ ነው" አሉ ሊቀመንበሩ። "ከዚህ የሚቀድም የለም። እርስዎ ከፈቀዱ ብቻ ነው፣ እናታችን።"

ፈቀድኩ። ምን እላለሁ? ሥዕሉን በጣቴ ነካሁት። አፍንጫዋን አላሳቱትም። ወደ ቤት ስሄድ ሰው ሁሉ እንዳላወቀኝ ማለፉ ገረመኝ። የእሷ እናት እኮ ነኝ፣ በር ላይ የምትቆመዋ።

ሰኞ ማታ

ታናሽ ወንድሟ ከቦይለሩ ክፍል መጣ። ቦይለሩን የሚጠግነው እሱ ነው። ራት አቀረብኩለት፣ ነገርኩት። መብላቱን አቆመ።

"እማዬ፣ ይኼ ነገር እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ በስብሰባ ተመዝኗል?"

"እህትህ ትመዘናለች?"

"እሷን አላልኩም። ድንጋዩን ነው።"

"ሊቀመንበሩ ራሳቸው..."

"በሚዛኑ አንደኛ የወጣው የመራገፊያው ሜዳ ነው። ራሷ ናት ያስመዘነችው። በሩን አስፍተን፣ ግቢውን ደልድለን መኪናውን ሁሉ ወደ ውስጥ ልናስገባ ነበር። ሐውልቱ የሚቆመው ደግሞ በሩ ሊሰፋበት ከታሰበው ላይ ነው። ድንጋዩ ከቆመ በሩ አይሰፋም፣ እማዬ።"

"ሌላ ቦታ ይስፋ።"

"ሌላ ቦታማ አዳራሹ አለ።"

"ቀንተሃል" አልኩት።

ሳህኑን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አይመለስም።

ሐሙስ

ሁለት ፈረቃ ሠራን። እግሬ አብጧል። ልጁ አላናገረኝም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። እኔን ላለማየት ነው። ይሁን። እኔም ሐውልቱን አስባለሁ። ቀለሙ ምን ዓይነት ይሁን? ቆቧ ሰማያዊ ነበር።

ቅዳሜ

አሁንም ማለዳ ወጣ። ቁርሱን ትቶ።

ሳቂታዋ "ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ኀዘኑን በእግሩ ነው የሚወጣው" አለችኝ። የእኔስ? የእኔን በእጄ ነው የምወጣው። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ጥሩምባ ከጠረጴዛችን ጎን መጥቶ ተቀመጠ። ዳቦውን እያኘከ፣ "እትዬ፣ ልጅዎ ግን ቦይለሩን ትቶ ትራፊክ ሆነ እንዴ?" አለኝ።

"የምን ትራፊክ?"

"በየማለዳው መታጠፊያው ላይ ቀይ ጨርቅ እያውለበለበ የሚያሳልፈን እሱ አይደል? ሥራው እስኪጀመር እዚያ ነው። ጎበዝ ነው በውነቱ! ትናንትና እንኳ አንዱ ችኩል ሾፌር ከኋላችን ተፈትልኮ ሊበላው..."

ሳቂታዋ ክንዱን ቆነጠጠችው። "አንተ ሰውዬ፣ አፍህ ብሬክ የለውም?"

"ምን አልኩ? ተረፈ እኮ!"

ዳቦዬን ጠቀለልኩት።

ረቡዕ

በዋናው በር በኩል ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰልፉ መንገዱን ግማሽ ይዞታል። ልጄ በቦይለር ቱታው መታጠፊያው ላይ ቆሟል፣ ቀይ ጨርቅ ይዞ። ከወዲያ በኩል መኪና ሲመጣ ክንዱን ዘርግቶ ሾፌሮቹን ያስቆማል፣ ሲያልፍ ይለቃቸዋል። ጀርባው ለእኔ ነው። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ብጠራው ዞር ይላል። ዞር ካለ መንገዱን አያይም።

ሥራው እስኪጀመር ድረስ እዚያው ቆምኩ። አላየኝም።

ሐሙስ

ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። "ሐውልቱ በሳጥን ይመዘን" አልኳቸው።

ደነገጡ። "እናታችን! የሞተ ሰው ክብር በቲማቲም ይመዘናል? ሰው ምን ይለናል?"

"ልጄ ሳይመዘን የተጀመረ ሥራ አትወድም ነበር። ለክብሯ ብዬ ነው። ደግሞ ያሸንፋል፣ ምን ያስፈራዎታል?"

ያሸንፋል ብዬ ነው የነገርኳቸው። አምኜ ነው ያልኩት፣ ወይም ለማመን ፈልጌ። የወንዱን ልጅ ነገር አላነሳሁም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሥዕሉን ጠቅልለው፣ "ይመዘን" አሉ።

እሑድ

ዛሬ ስብሰባው ሆነ። ረጅም ነው፣ ግን ሁሉንም እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የሳጥኑን ነገር ላልሰሙት ላስረዳ። ከለቀማ እስከ ለቀማ ባለው ጊዜ ማኅበራችን መሥራት የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ግንበኞቹ ግን ጥቂት ናቸው። ድሮ ድምፁ የጎላው ያሸንፍ ነበር። ሁሉም ይጀመራል፣ አንዱም አያልቅም። ልጄ ስትመጣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም አለች። የትኛው ይቅደም? ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ባዶ ሳጥን ይቀመጣል። ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። ስንት ሰው ያሳርፋል? ስንት ቲማቲም ከብልሽት ያድናል? ሌላውን ሥራ ሳይጎዳ በእጃችን ይሠራል ወይ? አባላቱ ተከራክረው ለየጥያቄው እስከ አምስት ቲማቲም ሳጥኑ ውስጥ ያስገባሉ። መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የከበደው ይቀድማል። የሚገባው ቲማቲም መጠኑ እኩል መሆን አለበት። እሱን የምመርጠው እኔ ነኝ። ዓይኔ ለምዶታል።

አዳራሹ ጢም አለ። አዳራሹ ሰፊ ነው።

ሁለት ሳጥን ተቀመጠ። የመራገፊያው ሜዳ ሲነሳ ሾፌሮቹ ጮኹ። ስንት ሰው ያሳርፋል? "እኛን ሁላችንን! ሚስቶቻችንንም ጨምር!" አለ ጥሩምባ። አምስት ገባ። ቲማቲምስ? ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚፈላው ሁሉ። አምስት። በእጃችን ይሠራል? ዋናው ግንበኛ ጢሙን አከከ። "ድንጋዩ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሦስት በሉት" አለ። ሦስት።

ቀጥሎ የልጄ ተራ ደረሰ።

ጥያቄውን የሚያነበው ታናሽ ወንድሟ ነበር። እሷ ስለሌለች ለእሱ ሰጡት። ተነሥቶ አነበበው። "ስንት ሰው ያሳርፋል?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማን ይናገር? አምስት በሉ ብል አምስት ይሉኝ ነበር፣ አውቃለሁ። አንድም የሚከራከረኝ አልነበረም። ጥያቄው ግን የእሷ ነው። ከትልቅ ድካም ያወጣችው ጥያቄ ነው። በእሷ ጥያቄ ላይ እንዴት እዋሻለሁ?

"እኔን" አልኩ።

አንድ ቲማቲም አነሳሁና ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩ።

ከዚያ ከፊት ወንበር ሊቀመንበሩ፣ አቀርቅረው፣ "እኔንም" አሉ።

ሁለተኛዋን አኖርኩ። ልጄ ብትሆን ኖሮ ለምን ትላቸው ነበር። እኔ አላልኩም። አዳራሹ እንደከበዳቸው አሁን አይቻለሁ፣ ያ ይበቃል።

ስንት ቲማቲም ያድናል? ሊያልፉት ፈለጉ። "ባዶ" ያልኩት እኔ ነኝ።

በእጃችን ይሠራል? ግንበኛው ብድግ ብሎ፣ "አምስት! ለእሷማ በነፃ ነው የምንሠራው፣ በእረፍታችን!" አለ። ጭብጨባ ሆነ። ልቤ ሞቀ።

"ሌላውን ሥራ ሳይጎዳ ነው የሚለው" አልኩ። "በሩን ይዘጋል።"

ግንበኛው ተቀመጠ። "እንግዲያስ... ሁለት" አለ።

ሁለት መርጬ አኖርኩ። ያን ጊዜ ጥሩምባ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ። ሳጥኑን አየና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ እነዚህ ይበልጣሉ" አለኝ።

ሳያቸው እውነቱን ነው። እያንዳንዳቸው የሰው ቡጢ ያህላሉ። በእውነት አላየኋቸውም ነበር። ዓይኔ እንባ ነበረበት።

"አንተማ ከወሬህ ጀምሮ ትልልቁን ታውቀዋለህ!" አለች ሳቂታዋ ጥሩምባን። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ከመሀላቸው ሳቅሁ። አምላኬ ሆይ፣ ሳቅሁ። ትልልቆቹን አውጥቼ እኩሎቹን አስገባሁ።

ሚዛኑ ላይ የወጣው ምን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልገኝም። ሜዳው አንደኛ ሆነ፣ ልጄ ሁለተኛ።

"ታዲያ ሐውልቱ መቼ ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ተራው ሲደርስ" አልኳቸው። "ሰልፍ ላይ ነው።"

ከስብሰባው ሊወጡ ሲነሡ ደግሞ የሆነ ነገር አለ። ጥሩምባ ራሱን እያከከ፣ "ሜዳው እስኪያልቅ ግን ብዙ ለቀማ አለብን። እኔ የማይገባኝ፣ ለምንድነው ሁላችንም ማለዳ የምንመጣው?" አለ። አንዱ ሾፌር፣ ቀድሞ ለመሰለፍ ነዋ አለ። ለምን ቀድሞ? ሳያራግፉ እንዳይመሽባቸው። ለምን ይመሽባቸዋል? ማንም ተራውን ስለማያውቅ። ልጄ የጠየቀች መሰለኝ። ቆመው ተከራክረው፣ እያንዳንዱ መኪና ከማሳው ሳይነሣ በስልክ ተራው እንዲነገረው ተስማሙ። እሷ አልነበረችም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ሽማግሌ ሾፌሮች ቆመው ለምን፣ ለምን ይባባላሉ! እኔ ሥዕሉን ሳይ እንዲህ አልኮራሁም።

ዓርብ

ሾፌሮቹ ተራቸው ሲደርስ በየስልካቸው ይጠራሉ። ሰልፉ አጥሯል። ዛሬ ልጄ እቤት ቁርሱን በላ። "እማዬ፣ ጨው በዝቷል" አለ። በዝቷል፣ እውነቱን ነው።

ሰኞ፣ ለቀማው ካለቀ በኋላ

ዛሬ በሩን አፈረሱት። ግንበኞቹ ሲጀምሩ ሊቀመንበሩ ኮታቸውን አውልቀው ድንጋይ ሲያነሡ ዋሉ። ሰው ገረመው። እኔን አልገረመኝም።

ይህን ደብተር እንግዲህ እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ ወቅቱ አልቋል። አንድ ቀን ከእኔ በኋላ የምታነቡት ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጄን አላያችኋትም። ሥራዋንም ብታዩት አታውቁትም፤ ጭነት ይዞ ገብቶ፣ ተራግፎ፣ በሰላም የሚወጣ መኪና ነው፤ ማንም ቆሞ የሚያየው አይደለም። ስለዚህ ስለ እሷ አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝና ጸልዩላት። እንዴት እንደሚጸለይ አላውቅም ካላችሁ እኔም ብዙ አላውቅም፤ የምለው ይህንን ነው፤ አምላክ ሆይ፣ ስታርፍ አልኖረችም፣ አሁን አሳርፋት።